ፎርማት ይደረግ ከመባሉ በፊት

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ቢቸና ትቀድማለች፤ ደብረ ወርቅና ግንደ ወይን ከታለፉ በኋላ ሞጣ ይደረሳል። በሁለቱም ከተሞች ኮምፒውተር የእንጀራ መሣሪያ ነው። ፎቶ ቤቱ የምረቃ ፎቶ ያሳምርበታል፣ የቪዲዮ ባለሙያው የጥርንና የፋሲካ ማግሥትን ሠርጎች ኤዲት ያደርግበታል፣ ከመንገድ ዳር ያለው የጽሕፈት አገልግሎት ማመልከቻና የምርምር ጽሑፍ ይተይብበታል። ተማሪው ደግሞ ቤት ውስጥ ይማርበታል፣ ይጫወትበታል።

ይህ ኮምፒውተር አንድ ቀን ፊደሉ አብጦ፣ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ቪዲዮው እየተንቀረፈፈ ይከፈታል። ባለቤቱ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ «የግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል» ወይም «ፎርማት ይደረግ»። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር ነው።

ድራይቨር በዊንዶውስና በግራፊክስ ቺፑ መካከል የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ምን መሣል እንዳለበት ያዝዛል፤ ድራይቨሩ ትእዛዙን ያ ቺፕ ብቻ በሚገባው መልክ ያደርስለታል። ድራይቨሩ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ዊንዶውስ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የተባለውን የራሱን መጠባበቂያ ይጠቀማል። መጠባበቂያው ምስል ያሳያል እንጂ የቺፑን ጉልበት አይጠቀምም። ስለዚህ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚደረግበት ፕሮግራም ይንቀራፈፋል፣ ጌም አልከፈት ይላል፣ የስክሪኑ ስፋት ብዙ ጊዜ በ1024 በ768 ላይ ተገትሮ ይቀራል።

በቤት ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኙት ቺፖች በአብዛኛው ከሦስት ኩባንያዎች የወጡ ናቸው። ኢንቴል ግራፊክሱን በአብዛኛው ከራሱ ፕሮሰሰር ጋር አብሮ ይሠራል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ሲሆን በ1999 ጂፎርስ 256ን «የመጀመሪያው ጂፒዩ» (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ብሎ ለገበያ አቀረበ። የራዲዮን ካርዶች ባለቤት የነበረውን የካናዳውን ኤቲአይን ደግሞ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2006 ገዛው። የአንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ የየትውልዱ ድራይቨር ይለያያል።

ምርመራው የሚጀመረው ቺፑን ለይቶ በማወቅ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ከኤክስ ጋር ሲጫን ከሚወጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማናጀር ይከፈታል፤ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር የካርዱ ስም ይገኛል። ስሙ ከሌለና ቢጫ ምልክት ብቻ ካለ፣ በፕሮፐርቲስ ውስጥ ሃርድዌር አይዲ የሚለው ቦታ ይታያል። እዚያ ያለው የአምራች ቁጥር 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ከሆነ ኤንቪዲያ ነው። የኢንቴል ቁጥር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም መሆኑ ለማስታወስ ይረዳል። ከአምራቹ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ቁጥር የቺፑን ዓይነት ይናገራል።

በዚያው መስኮት የሚጻፈው የስሕተት ኮድም ትልቅ መረጃ ነው። 28 ማለት ድራይቨሩ ጨርሶ አልተጫነም ማለት ነው። 52 ሲሆን ዊንዶውስ የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ አልቻለም። 43 ደግሞ መሣሪያው ራሱ ችግር ስላሳወቀ ዊንዶውስ እንዳቆመው ይገልጻል፤ ይህኛው ከድራይቨርም ከካርዱም ሊመጣ ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል።

ድራይቨሩ አልጫን የሚልባቸው ምክንያቶች ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። በከተሞቹ ከሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ያገለገሉ በመሆናቸው አዲሱ ድራይቨር ለአሮጌው ካርድ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኤንቪዲያ የኬፕለር ትውልድ በ470 ተከታታይ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ የወጣውን ለመጫን ሲሞከር ፕሮግራሙ ተስማሚ ሃርድዌር አላገኘሁም ብሎ ይመልሳል። ካርዱ ግን ደኅና ነው፤ የሚፈልገው በዕድሜው ልክ የወጣውን ድራይቨር ነው።

ሁለተኛው የዊንዶውሱ ዓይነት ነው። ራሙ ትንሽ ነው ተብሎ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ለ64 ቢት የተሠራ ድራይቨር አይቀበልም፤ ኤንቪዲያም ኤኤምዲም ለ32 ቢት አዲስ ድራይቨር ማውጣት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ሦስተኛው ላፕቶፖችን የሚመለከት ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ግራፊክስና ተጨማሪ ካርድ አንድ ላይ ይዘዋል። በእነዚህ ላይ መጀመሪያ የኢንቴሉ፣ ቀጥሎ የተጨማሪው ካርድ ድራይቨር ይጫናል። ከካርድ አምራቹ የመጣው እንቢ ካለ የላፕቶፑ አምራች፣ ማለትም ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ለዚያው ሞዴል ያዘጋጀው ይሻላል።

አራተኛው የአሮጌ ድራይቨር ቅሪት ነው። ካርድ ተቀይሮ የቀድሞው ድራይቨር ሳይነሣ ሲቀር ወይም በጭነቱ መሐል መብራት ሲጠፋ ፋይሎቹ ይደባለቃሉ። መፍትሔው ኢንተርኔቱን ማላቀቅ፣ ሺፍትን ይዞ ሪስታርት በማለት ወደ ሴፍ ሞድ መግባት፣ «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቅሪቱን መጥረግ፣ ከዚያ ትክክለኛውን መጫን ነው። ኢንተርኔቱ የሚላቀቀው ዊንዶውስ አፕዴት በመሐል ገብቶ የራሱን ምርጫ እንዳይጭን ነው። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፤ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው የቀድሞውን ይመልሳል።

ጥፋቱ በእርግጥ የካርዱ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዊንዶውስ ሳይጀምር፣ በአምራቹ አርማ ወይም በባዮስ ገጽ ላይ ሳይቀር መስመርና ነጠብጣብ ከታየ ድራይቨር ገና ሥራ ስላልጀመረ ተጠያቂ አይሆንም። በበጋ አቧራ የታፈነ ማራገቢያ ተጠርጎ ይሞከራል። በዴስክቶፕ ላይ ደግሞ የስክሪኑ ገመድ ከካርዱ ይልቅ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ እንደሆነ መታየት አለበት፤ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ሰው ድራይቨር ሲፈልግ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሰተኛ ካርድም አለ፦ የአሮጌ ካርድ ባዮስ ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ ድራይቨሩ አልጫን ይላል ወይም ይንኮታኮታል። ጂፒዩ ዜድ የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ካርድ «ሐሰተኛ» ብሎ ያሳያል። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በዚህ ፕሮግራም ማስፈተሽ አለበት።

ለቢቸናና ለሞጣ ትልቁ ፈተና የኢንተርኔቱ ነገር ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር አንዱ ብቻ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ከድረ ገጽ ማውረድ የማይታሰብ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያድነው በፍላሽ የተቀመጠው ብቻ ነው። «ስናፒ ድራይቨር ኢንስቶለር ኦሪጅን» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ ጥቅሉ አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ጥቅሉ በአሥሮች በሚቆጠር ጊጋባይት ስለሚለካ ሰፋ ያለ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ይፈልጋል። ድራይቨር ፈላጊ ነን የሚሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ያልተፈለገ ሶፍትዌር ይዘው ሊገቡ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ምልክት ሳያነቡ «ኔክስት» ማለት አይገባም።

ዊንዶውስ 10ና 11 የተጫኑትን ድራይቨሮች ወደ አንድ ፎልደር የሚያወጣ ፒኤንፒዩቲል የሚባል ትእዛዝ አላቸው፤ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተርዎን ለባለሙያ ሲሰጡ «ፎርማት» የሚለውን ቃል ከመቀበልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የስሕተት ኮዱ ስንት ነው? የካርዱ ቁጥር ምንድን ነው? የአሁኑ ድራይቨር በፍላሽ ተቀምጧል? መልስ ካላገኙ ፎርማቱን ያዘግዩት።