የልጆቻችን አንገትና አከርካሪ



ልጆች ቁመታቸው ቶሎ በሚመዘዝበት ዕድሜ ላይ «ቀና በል!»፣ «ትከሻሽን አስተካክዪ!» የማይል ወላጅና መምህር የለም። ምክሩ በደግ ልብ የሚሰጥ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ልጅ ቀና ማለት የሚያቅተው ስለ ሰነፈ ወይም ስላፈረ ሳይሆን አከርካሪው ራሱ ስለ ተጣመመ ነው። ይህም የአከርካሪ መጣመም በሕክምና ስሙ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከራስና ከአንገት አያያዝ ጋር ያለው ግንኙነት በብዙ ሰው ዘንድ በትክክል ስለማይታወቅ፣ በጉባኤና በፕሮጀክት ከልጆች ጋር ለምትሠሩ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ከዚህ በታች እናብራራለን።

ስኮሊዮሲስ ምንድን ነው?

ከአከርካሪ አጥንቶች መካከል 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በደረት፣ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ። ጤናማ አከርካሪ ከኋላ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን አንገቱና ወገቡ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ በመጠኑ የጎበጠ ነው። ስኮሊዮሲስ የሚባለው አከርካሪው ወደ ጎን ሲጣመምና አጥንቶቹም በዚያው ሲዞሩ ነው። ሐኪሞች መጠኑን የሚለኩት በራጅ ፎቶግራፍ ላይ ሲሆን፣ የሚጠቀሙበትም ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት የማዕዘን አለካክ ነው። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ጥመት ስኮሊዮሲስ ይባላል።

ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እድገት እስኪያበቃ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ከመቶ ልጆች በ2 ወይም በ3 ላይ ይታያል። በአብዛኛዎቹም ላይ መንስኤው ተለይቶ አይታወቅም፤ በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ጠባይ ግን አለው። አነስተኛ ጥመት በወንዶችም በሴቶችም ላይ ይገኛል፤ እየከፋ የሚሄደው ግን በብዛት በልጃገረዶች ላይ ነው። ጥመቱ በፍጥነት የሚጨምረው ልጁ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ስለ ሆነ፣ አንድ ዓመት ሳይታይ ቢታለፍ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ራስና አንገት ምን ይሆናሉ?

የሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዓይንና የውስጥ ጆሮ ይህ ክብደት በዳሌ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቆምና እይታችንም እንዳያዘነብል ዘወትር ይቆጣጠራሉ። እንስራ ያዘለች ሴት ሸክሟ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ሰውነቷን ወደ ሌላው ጎን እንደምታዘነብል ሁሉ፣ አከርካሪም በደረት ላይ ወደ ቀኝ ሲጣመም ከበላዩና ከበታቹ ወደ ግራ በመታጠፍ ራስን ወደ መካከል ይመልሳል። ስለዚህ ብዙ ጥመት ያለበት ልጅ እንኳ ራሱን ቀጥ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። «አንገቱ ደኅና ነው» ብሎ ማለፍ የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥመቱ በላይኛው ደረት፣ ወደ አንገት ቀርቦ ሲሆን ግን ከበላዩ ያለው ማካካሻ ስፍራ ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ ትከሻ ከፍ ይላል፤ የአንገት ሥርም በአንዱ ወገን ወፈር ብሎ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜም አንገት ይዘማል።

ሦስተኛውም ነገር ከጎን ሲታይ የሚገለጥ ነው። በስኮሊዮሲስ ምክንያት በመጠኑ መጉበጥ የሚገባው የጀርባ ክፍል ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ይሆናል። አንገት የሚቆመው በዚህ መሠረት ላይ ስለ ሆነ፣ እርሱም የተፈጥሮ ቅርጹን አጥቶ ቀጥ ሊል ወይም ወደ ፊት ሊጎብጥ ይችላል። እንግዲህ የአንዳንዱ ልጅ ራስ ወደ ፊት የሚወጣው በመጥፎ ልማድ ሳይሆን ከበታቹ ባለው ምክንያት ነው ማለት ነው።

የማን ጥፋት ነው?

የማንም ጥፋት አይደለም። ከባድ የደብተር ቦርሳ መያዝ፣ ለንባብ ማቀርቀር፣ ስልክ ላይ ማጎንበስ ወይም ውኃ መቅዳት ይህን ዓይነቱን ስኮሊዮሲስ አያመጣም። ለረጅም ጊዜ ማቀርቀር የአንገትን ጡንቻ ስለሚያደክምና ስለሚያሳምም ሊታረም ይገባዋል፤ ነገር ግን ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲሁም አንገትን ብቻ በማስተካከል የተጣመመ አከርካሪ አይቃናም። ሕመሙ እርግማን ወይም የወላጅ ኃጢአት ውጤት ነው እያሉ ልጅን መሸማቀቅ ላይ መጣልም ከእውነት የራቀ ነው። እንዲህ ያለው ንግግር ልጃገረዷ ጀርባዋን በነጠላ ሸፍና ሕክምና የሚጠቅምበት ጊዜ እንዲያልፍባት ያደርጋል።

በቀላሉ እንዴት እንመርምር?

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1865 ያስተዋወቁት ምርመራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ልጁ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ መዳፎቹን አገናኝቶ ወደ ፊት ያጎንብስ። መርማሪው ከኋላ ሆኖ በጀርባው ቁመት ልክ ይመልከት። የጀርባው አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ጉብታ ከታየ አጥንቶቹ መዞራቸውን ያመለክታልና ልጁ ወደ ሐኪም ይላክ። በአቋቋም ልማድ ብቻ የመጣ መዝመም ግን ሲያጎነብሱ እንዲህ ያለ ጉብታ አያሳይም። ልጁ ቆሞ ሳለም የትከሻዎቹን ከፍታ፣ በትከሻ ጀርባ ያሉትን ጠፍጣፋ አጥንቶች፣ የወገቡን ቅርጽና ራሱ በዳሌው መካከል መዋሉን ማየት ይገባል።

ፕሮጀክቶች በየዓመቱ በሚያደርጉት የጤና ምርመራ ላይ ይህን ቢጨምሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ልጃገረዶችን ሴት ነርስ፣ እናት ወይም አሳዳጊ ባለችበት፣ በተከለለ ስፍራ ትመርምር። ውጤቱም በልጁ መዝገብ ላይ ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ምልክቶች አሉ። በመካከለኛው ጀርባ ሹል ሆኖ ወደ ኋላ የወጣ ጉብታ፣ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲገኝ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ቢዘገይ ግን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የእግር መድከም ወይም መደንዘዝ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ ወይም ከልጅነት ጀምሮ ያጠረና የማይዞር አንገት ያለበትም ልጅ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። ወጌሻ ጀርባውንና አንገቱን እንዲስበው ወይም እንዲጫነው ፈጽሞ አይደረግ።

ሕክምናውስ?

ልጁ ገና በማደግ ላይ ሳለ ጥመቱ ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ በየጥቂት ወሩ እየታየ ይጠበቃል። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ለሆነው ብሬስ የተባለ፣ ደረትንና ወገብን አቅፎ የሚይዝ ጠንካራ ደጋፊ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ብሬስ ከለበሱት ልጆች በ72 በመቶው ጥመቱ ለቀዶ ሕክምና ከሚያደርሰው 50 ዲግሪ ሳይደርስ እድገታቸው ሲያበቃ፣ ሳይለብሱ በክትትል ብቻ ከቆዩት ግን ይህ የሆነው በ48 በመቶው ነው። ለብዙ ሰዓት የለበሱትም የበለጠ ተጠቅመዋል። በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴም ሊረዳ ይችላል። ከ45 ወይም ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሆን የቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ ጥመቱ እጅግ ሲከፋ ሳንባን ይጫናልና።

ዘግይቶ መገኘት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአገራችን ታይቷል። በአዲስ አበባ የሚሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆደስ፣ ከጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ከዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በጋና እንዲታከሙ አድርገዋል። ከእነዚህም መካከል ጥመታቸው ከ100 ዲግሪ ያለፈ ይገኙባቸዋል። እንዲህ ያለው ሕክምና ረጅምና ከባድ ነው፤ ዕድሉን የሚያገኙትም ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ ጉባኤዎች ልጆችን «ጎባጣ» ብሎ የሚጠራ አንደበት በመካከላቸው እንዳይኖር እንዲያደርጉ፣ ለራጅና ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ የሌላቸውንም ቤተሰቦች እንዲረዱ እናሳስባለን። የፕሮጀክት ሠራተኞችም ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ የሆኑትን ልጆች በሚመጣው የጤና ምርመራ ቀን አንድ በአንድ አጎንብሰው እንዲታዩ እንዲያደርጉ እንለምናለን።