አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላ

ትንሿ ጎማቸው አፍንጫቸው ሥር ሳይሆን ጭራቸው ሥር የተገጠመላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች አስቸጋሪው ጊዜያቸው የሚጀምረው ተሳፋሪው «እፎይ» ሲል ነው። ጎማዎቹ ማኮብኮቢያውን ነክተዋል፣ ፍጥነቱም እየቀነሰ ነው። ድንገት አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም ይብስበታል። አውሮፕላኑ ክብ ሠርቶ ሲሽከረከር የውጭኛው ክንፍ ጫፍ መሬቱን ይፍቃል፤ አንዳንዴም የጎማው እግር ይሰበራል። አብራሪዎች ይህን «ግራውንድ ሉፕ» ይሉታል። ሰው የሚሞትበት አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ በደህና የበረረ አውሮፕላን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ለጥገና ይዳረጋል።

መንስኤው የክብደቱ አቀማመጥ ነው። በእነዚህ አውሮፕላኖች የክብደት ማዕከሉ ከሁለቱ ዋና ጎማዎች ኋላ ይውላል። የእጅ ጋሪ ሲጎትቱት ራሱን እያስተካከለ ይከተላል፤ ሲገፉት ግን ትንሽ ከታጠፈ የባሰውን ይታጠፋል። እዚህም ክብደቱ ጎማዎቹን ከኋላ የሚገፋ ነው። አፍንጫው ጥቂት ወደ ግራ ቢዞር ክብደቱ በቀድሞ አቅጣጫው መሄዱን ይቀጥላል፤ ጎማዎቹ ደግሞ በጎናቸው ከመሬቱ ጋር ይፋተጋሉ። ሰበቃው ከፊት፣ ክብደቱ ከኋላ ስለሆነ ጭራው ፊቱን ሊቀድም ይሞክራል። የአፍንጫ ጎማ ባላቸው አውሮፕላኖች ክብደቱ ከዋና ጎማዎቹ ፊት ስለሚውል ያው ሰበቃ መልሶ ያቃናቸዋል።

የጎን ነፋስ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ነፋስ ከግራ ሲመጣ ትልቁን የጭራ ገጽ ወደ ቀኝ ይገፋና አፍንጫው ወደ ነፋሱ፣ ማለትም ወደ ግራ፣ ይዞራል። አብራሪው የቀኙን ፔዳል ይረግጣል፤ የጭራው መሪ ግን የሚሠራው በላዩ በሚያልፈው አየር ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ አየሩ ይደክማል፣ መሪውም ይላላል። በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል ማለት ነው። ፍሬን በኃይል መርገጥም መፍትሔ አይሆንም፤ አውሮፕላኑን በአፍንጫው ሊተክለው ይችላል። በዚያ ላይ ጭራው ሲወርድ አፍንጫው ቀና ስለሚል ፊት ለፊት ያለው መንገድ ይጋረዳል። የለመደ አብራሪ የማኮብኮቢያውን ሁለት ዳር እያየ፣ እግሮቹን ሳያሳርፍ ፔዳሎቹን በትንሽ በትንሹ ይነካካል። ትልቅ እርምት ከማስፈለጉ በፊት ትንሹን ያደርጋል፤ ጥበቡ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዚሁ ዓይነት የነበረው የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ተዋጊ አውሮፕላን ጎማዎቹ ተቀራርበው የተተከሉ ስለነበሩ በመነሣትና በማረፍ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። የአሜሪካው ሴስና ኩባንያ ጭራው ላይ ጎማ የነበረውን 170 ተከትሎ የአፍንጫ ጎማ ያለውን 172 እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ሲያቀርብ ማረፍን እንደሚያቀል አድርጎ አስተዋወቀው፤ ገዢውም ወደደው። እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ጎማቸው ጭራቸው ሥር ነበር።

ባለ ጭራ ጎማው ዓይነት ግን አልጠፋም። ክብደቱ ቀላል ነው፤ የፊት ማራገቢያውም ከመሬት ከፍ ስለሚል በአላስካ ጠጠርና ሣር ላይ ለማረፍ ዛሬም ይመረጣል። በአሜሪካ ሕግ የአፍንጫ ጎማ ባለው አውሮፕላን ፈቃድ ያገኘ ሰው እንዲህ ያለውን በኃላፊነት ለማብረር፣ በጎን ነፋስ ማረፍን ጨምሮ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ የአስተማሪ ፊርማ ማግኘት አለበት። አብራሪ ለመሆን የምታስቡ ወጣቶች፣ ባትገደዱም ይህን ሥልጠና ፈልጋችሁ ውሰዱ።