ተጨማሪ መረጃ፦ ሰው የመሰለ ምሽግ

ከናይሮቢ በባቡር ወደ ሞምባሳ ወደብ የሚወርድ ጎብኚ ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ ያገኛል።

ምሽጉን ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ሠሩት፤ ግንቡ የኮራል ድንጋይ ነው። ንድፉ ግን የጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነበር። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይሠራበት የነበረው የምሽግ ጥበብ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር የደረሰው እንዲህ ነው! በማዕዘኖቹ ወደ ውጭ የወጡት ክፍሎች ባስቲዮን ይባላሉ፤ ተከላካዩ ከዚያ ሆኖ ግድግዳውን የሚጠጋ ጠላት ሁሉ ይታየዋል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶውን ፈልጉ፤ በጀርባው የተንጋለለ ሰው ይመስላል ይባላል። ጭንቅላቱ የቱ ጋ ነው?