የመድን ደብተርና የመድኃኒት ቤት መስኮት



ስለ ጤና መድን ያለኝን አስተያየት በተከበረው ጋዜጣዎ የአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ደንቡም በ2005 ዓ.ም. ተከተለው። ሐሳቡ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3 እጅ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እያዋጡ፣ የታመመ ሰው ኪሱን ሳይዳብስ እንዲታከም ነው። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ለብዙ ዓመታት ሲተላለፍ ቆይቷል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም «ደመወዙ ሳይበቃን ደግሞ ሊቆረጥ ነው?» እያልን ስናጉረመርም ኖረናል። እኔም ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን ጭንቀቴ ሌላ ሆኗል።

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸሩ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ጎረቤት አሉኝ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ኋላ አዲስ አበባም የደረሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው። ስኳርና የደም ግፊት ስላለባቸው ባለፈው ወር ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም አብሬያቸው ሄድኩ። ለካርዱም፣ ለምርመራውም፣ ለሐኪሙም አንድ ሳንቲም አልተጠየቁም። «ሕግ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ በልቤ አመሰገንኩ።

ምስጋናዬ ግን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት አላለፈም። ከታዘዙላቸው አራት መድኃኒቶች የተገኘው አንዱ ብቻ ነበር፤ «የቀረውን ከውጭ ግዙ» ተባልን። እሳቸውም ደብተራቸውን እያገላበጡ፣ «ልጄ፣ ይኸ ደብተር ሐኪሙን እንጂ መድኃኒቱን አያውቅም ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ሁለቱን ገዙ፤ ሦስተኛውን «ገበያ ሲቀናኝ» ብለው ተዉት። ስኳር ግን ገበያ እስኪቀና አይጠብቅም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም በዚያው በ2002 ዓ.ም. ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ሕግ ወጥቶ ብዙ ሕዝብ መድን ቢያገኝም፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእኛ ዘንድ ደግሞ አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ ግዙ መባል ይበልጥ ይከብዳል። ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የታሰበው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚሁ በክፍለ ከተማችን መገኘቱን ሳስብ ደግሞ ይገርመኛል።

መዋጮ ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። እድርተኛ በየወሩ ሳይሰለች የሚከፍለው በሐዘኑ ዕለት ድንኳኑ እንደሚተከል ስለሚያውቅ ነው። ድንኳኑ ሳይመጣ «ከውጭ ተከራዩ» የሚል እድር ቢኖር ማን ይከፍለው ነበር?

ስለዚህ በበኩሌ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየጤና ተቋሙ የመድን አባላት የሚያገኟቸው መድኃኒቶች ያሉትና ያለቁት ተለይተው በግልጽ ይለጠፉ። ሁለተኛ፣ ያለቀውን መድኃኒት አባሉ ውል ከገባ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ሳይከፍል ይውሰድ፤ ሒሳቡን መድኑ ይክፈል። ይህ በእርግጥ ከተፈጸመ እኔ ከመቶ 3 እጁን ሳላጉረመርም እሰጣለሁ። ካልሆነ ግን አዋጁ ያረከሰው የካርዱን ዋጋ እንጂ የሕክምናውን አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአቃቂ ቃሊቲ