የምናውቀውን ሐይቅ ዳግም ስናየው

አንድን ስፍራ ስንት ጊዜ ብናየው ነው «አውቀዋለሁ» ለማለት የምንደፍረው? አብዛኞቻችን ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ «አንድ ጊዜ» የሚል ነው። ላንጋኖ ሄዶ የዋኘ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለጉዞ ሲጋበዝ «እርሱንማ አይቼዋለሁ፤ ሌላ ቦታ እንሂድ» ይላል። ከመጀመሪያው ጉብኝት የተረፈ ነገር የለም ብሎ ያምናልና። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት ስፍራውን ያሳየናል፤ ጊዜ በስፍራው ላይ የሠራውን ሥራ የሚያሳየን ግን ዳግም መመለስ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነውም ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚጓዝ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መንገድ ነው።

አንጎላችን ለምን ይላመዳል?

የታወቀ ስፍራ ለምን እንደሚደበዝዝብን ለመረዳት ከአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ መነሣት ይቻላል። አፕሊዥያ ተብሎ የሚጠራው ይህ እንስሳ ገላው በቀስታ ሲነካ ስንጥቡን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ንኪው ሲደጋገምና ጉዳት የሌለው ሆኖ ሲገኝ ግን ምላሹ እየደከመ ይሄዳል። ኤሪክ ካንዴልና የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ጠባይ እስከ ነርቭ ሕዋሳት መገናኛ ድረስ ተከታትለው፣ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሰው ኬሚካል መጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ካንዴል እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሳይንቲስቶች አንዱ ነበር።

የሰው አንጎል ከቀንድ አውጣው የነርቭ ሥርዓት ጋር የማይወዳደር ውስብስብነት ቢኖረውም፣ መላመድ የእርሱም ጠባይ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በየዕለቱ የምናየውን ሁሉ እንደ አዲስ የምንመረምር ቢሆን ኖሮ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ለመጨረስ እንኳ ቀኑ ባልበቃን ነበር። ጉዳቱ ደግሞ ወደምናውቀው ስፍራ ስንመለስ ከስፍራው ይልቅ ትዝታውን እያየን መዋላችን ነው። እንግዲያው የቆየው ስፍራ አዲስ የሚሆንልን ትዝታችን ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ይዘን ስንሄድ ነው።

አንድ መንገድ፣ አራት ሐይቆች

መቂን አልፈን ወደ ደቡብ ስንጓዝ በቅድሚያ ዝዋይን፣ ቀጥሎም ላንጋኖን በስተግራ እናገኛለን። በስተቀኝ አብጃታና ሻላ ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያልፍ መንገደኛ እነዚህ አራት ሐይቆች አራት የተለያዩ ሥዕሎች ናቸው። ዝዋይ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ላንጋኖ በውስጡ በተንሳፈፈ ደቃቅ ደለል የተነሣ ቡናማ ነው። አብጃታ ዳርቻው የነጣ የሶዳ ውኃ ነው። ሻላ ደግሞ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በፈጠረው ካልዴራ ውስጥ የተኛ፣ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ «ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ጥያቄ ብንይዝ ሥዕሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ፣ የሆራ ቀሎ ወንዝ ከላንጋኖ ተነሥተው ሁለቱም ወደ አብጃታ ይፈስሳሉ። ከአብጃታ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወደ ሐይቁ የገባው ውኃ በአብዛኛው የሚለቅቀው በትነት ነው፤ ትነት ደግሞ ውኃውን ብቻ ወስዶ በውስጡ የሟሟውን ጨው ትቶ ይሄዳል። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የተጠራቀመው ጨው አብጃታን ሶዳማ አደረገው። ዝዋይና ላንጋኖ ግን መውጫ ስላላቸው ጨዋቸውን ከውኃው ጋር ወደ ታች ይልካሉ።

በሦስተኛው ጉዞ ደግሞ ከውኃው ወደ ተዳፋቶቹ ቀና እንበል። ከዛሬው የውኃ ወለል በብዙ ሜትሮች ከፍ ባሉ ቦታዎች የጥንት ሐይቅ ደለል፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና ዳያቶም ከሚባሉ ደቂቅ አልጌዎች ቅሪት የተሠራ ነጭ አፈር ይገኛል። ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመታት ገደማ በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን አራቱ ሐይቆች ተገናኝተው አንድ ታላቅ ሐይቅ የሆኑበት ጊዜ ነበር። ወለሉም ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ሲደርስ ትርፉ ወደ አዋሽ ወንዝ ይፈስስ ነበር። ዛሬ የሻላ ወለል 1,560 ሜትር አካባቢ ነው። በመኪናችን መስኮት የምናየው ግራር የበቀለበት ሜዳ አብዛኛው በዚያ ውኃ ሥር የነበረ መሬት ነው ማለት ነው።

የፔሊካኖቹ ጉዞ

ጊዜ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ሺህ ዓመታትን የሚጠይቅ አይደለም። በሻላ ሐይቅ ውስጥ በሚገኝ ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካኖች በብዛት ይራቡ ነበር። ደሴቱ ከአዳኝ አውሬ የተጠበቀ ጎጆ ሆናቸው፤ ይሁን እንጂ በሻላ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ዓሣ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወፎቹ በቀን ሙቀት ወደ ላይ በሚነሣው አየር ላይ እየተንሳፈፉ ወደ አብጃታ ይሻገሩ፣ በዚያ ዓሣ ለቅመው ወደ ጫጩቶቻቸው ይመለሱ ነበር። የአንዱ ሐይቅ ጎጆ የሚኖረው በሌላው ሐይቅ ገበታ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ከዝዋይና ወደ እርሱ ከሚገቡት ወንዞች ለመስኖ የሚወሰደው ውኃ በረከተ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ሶዳ አሽ ለማምረት ከራሱ ከአብጃታ ውኃ ይቀዳ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ፣ በ2000ዎቹ ስፋቱ ከግማሽ በታች የወረደበት ጊዜ ታየ። ውኃው ሲያንስ ጨውና ሶዳው በረታ፤ ቆሮሶ ዓሣም ሊቋቋመው አልቻለም። ዓሣ አጥማጁም ፔሊካኑም ገበታቸውን አጡ። በሶዳማ ውኃ የሚበቅሉ ደቂቅ ሕዋሳትን አጣርተው የሚመገቡት ፍላሚንጎዎች ግን ይህን የመሰለውን ውኃ ይችሉታል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ቁም ነገር አለ። ዛሬ አብጃታን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪ በነጭ ጨው የተሸፈነውን ሰፊ ሜዳ አይቶ «የሐይቁ ተፈጥሮ ይህ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የጎደለውን ነገር ማየት አይችልምና። የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ክስተት «የመነሻ መስመር መንሸራተት» የሚል ትርጉም ባለው ስያሜ ገልጾታል። እያንዳንዱ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ ሀብት እንደ ትክክለኛው መጠን ይቆጥራል፤ ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ ከዚያ ያነሰውን። በዚህ ሁኔታ ብዙ ነገር ማንም ሳይደነግጥ ሊጠፋ ይችላል።

እየተመለሱ የሚያዩ ዓይኖች

ሳይንስ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው የላንድሳት ሳተላይቶች መርሐ ግብር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ላንድሳት 8 እና 9 እያንዳንዳቸው በየ16 ቀኑ በአንድ ስፍራ ላይ ተመልሰው ያልፋሉ። የአብጃታ መሸሽ በካርታ ላይ የተነበበው እንዲህ ያሉ ተደጋጋሚ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

መመለስ ሁልጊዜ የሚያሳዝን ዜና ይዞ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች አንሥቶ ነበር። በ2000ዎቹ ያን ኒሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች ፎቶግራፎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው፣ በዚያው አቅጣጫ ዳግም ካሜራቸውን አነጣጠሩ። ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ውጤት «ያኔ ደን ነበረ፤ አሁን ጠፋ» የሚል ነው። ንጽጽሩ ግን በበርካታ ቦታዎች የዕፅዋት ሽፋኑ ከ1868 የተሻለ መሆኑን አሳየ። ለዚህም በእርከን ሥራና መሬትን ከልቅ ግጦሽ በመከለል የተደረገው የሕዝብ ድካም ድርሻ ነበረው። ከዚህ የምንረዳው ትዝታም ሆነ ወሬ ልኬትን ሊተካ እንደማይችል ነው።

እኛስ እንዴት እንመለስ?

ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ሥራ ሳተላይት አያስፈልጋችሁም። ለበዓል ወይም ለእረፍት ደጋግማችሁ የምትሄዱበትን አንድ ስፍራ ምረጡ፤ ሐይቅ፣ ምንጭ ወይም ከመንደራችሁ በላይ ያለ ኮረብታ ሊሆን ይችላል። ከቦታው የማይነቃነቅ ቋጥኝ አጠገብ ቆማችሁ በእጅ ስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውን መዝግቡ። ከቋጥኙ እስከ ውኃው ዳር ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ያያችኋቸውን ወፎች ስም፣ ስሙን ካላወቃችሁም መልካቸውን ጻፉ። በአካባቢው ከሚኖሩ ሽማግሌዎች ውኃው በልጅነታቸው እስከ የት ይደርስ እንደነበር ጠይቁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጋ። ሐይቆች ከክረምት ዝናብ በኋላ ከፍ፣ በበጋው ማብቂያ ዝቅ ይላሉ። በመስከረም የተነሣ ፎቶግራፍ ከሚያዝያው ጋር ቢነጻጸር የሚያሳየው የወቅትን ለውጥ እንጂ የሐይቁን መሸሽ አይደለም። ስለዚህ የጥር ልኬት ከጥር ልኬት ጋር ይነጻጸር፤ ፍርዱም ከአንድ ሳይሆን ከብዙ ዓመታት በኋላ ይሰጥ። ወቅቱን ሆን ብሎ መቀያየርም የራሱ ትምህርት አለው። በጥር ከአውሮፓ የመጡ ስደተኛ ወፎች የሚርመሰመሱበት ዳርቻ በሐምሌ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

በፔሊካኖቹ ዘመን በአብጃታ ዳር ቆመው ዋኝተውና ተዝናንተው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። ውኃው እስከ የት ይደርስ እንደነበር በማስታወሻ ያሰፈሩት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ዛሬ ለውጡን የምናውቀውም በእነዚያ ጥቂቶች መዝገብ ነው። በሚቀጥለው ጉዟችሁ ደብተር ከያዛችሁ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ታናሽ እኅታችሁ ወይም ወንድማችሁ በዚያው ቋጥኝ አጠገብ ሲቆሙ የሚያነጻጽሩበት ቁጥር ይኖራቸዋል።