ወንዝ ሽቅብ አይፈስም፤ አረሙ ግን ይወጣል፦ ተረትና እውነታ ስለ ዓሣና ወራሪ ዝርያዎች

ከዳሪሙ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ ብርብር ይገባል። ብርብርና ገባ ተገናኝተው ባሮን ይሠራሉ፤ ባሮም ጋምቤላን አቋርጦ ይሄዳል። እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም ከገባባቸው የሀገራችን ውሃዎች አንዱ ይኸው ታችኛው ባሮ ነው። ከላይ ያለው ወንዝም በአረሙ እንዳይበከል፣ ጥንቃቄን የሚያዘናጉ አባባሎችን ማረም ይገባል።

ተረት፦ «እኛ ከላይ ነን፤ እንቦጭ አይደርስብንም።»

እውነታ፦ ውሃው ሽቅብ ባይሄድም ሰው ይሄዳል። የደቡብ አሜሪካው እንቦጭ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ፣ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ታየ። ቅጠሉ የሚያንጸባርቅ፣ የቅጠሉ እጀታ እንደ ስፖንጅ ያበጠ፣ ሥሩ ጥቁርና ጸጉራም ነው። በእርጥብ መረብ ተጠላልፋ በመኪና የመጣች አንዲት ቡቃያ ወንዝ ለመበከል ትበቃለች። ሐምራዊ አበባው ስላማረው ለጓሮው ኩሬ የሚወስደው ሰውም ያው ጥፋት ያጠፋል።

ተረት፦ «ከነቀሉት አለቀ።»

እውነታ፦ እንቦጭ ከጎኑ ልጅ እያወጣ ይራባል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። ጣና ላይ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ለቀመው፣ ማሽንም ገባ፤ አረሙ ግን ተመልሶ መጣ። የተነቀለው ዳር ላይ ከተተወ ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል፤ ከውሃ ርቆ ደርቆ መቃጠል አለበት። ከማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ደግሞ ምግቡ ነው። አፈሩን የሚይዙት እርከንና የወንዝ ዳር ዛፍ ዓሣንም ይጠብቃሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ተረት፦ «አረሙ ለዓሣ ጥላ ነው።»

እውነታ፦ ጥቂት ቅጠል ለጫጩት መደበቂያ ይሆን ይሆናል። ውሃውን የሸፈነ ምንጣፍ ግን ብርሃን ይከለክላል፤ ሲበሰብስም ኦክስጅን ይጨርሳል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ይይዛል፤ ታንኳም መረብም አያሳልፍም።

ተረት፦ «ዓሣ ካነሰ ሌላ ዘር አምጥቶ መጨመር ነው።»

እውነታ፦ የናይል ፐርች ለባሮ የቤት ልጅ ነው። ይኸው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጨመር ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁ ነባር ዝርያዎች እንዲመናመኑና ብዙዎቹ እንዲጠፉ ምክንያት ሆነ። በአንዱ ውሃ ነባር የሆነ በሌላው ወራሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በባልዲ የመጣ ጫጩት ያለ ባለሙያ ምክር ወንዝም ግድብም አይለቀቅ።

ተረት፦ «ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ጉዳት የለውም።»

እውነታ፦ ለቡናችን ጥላ የሚሆነው ብርብራ ውድ ዛፍ ነው። ዘሩ ተወቅጦ ዓሣ ለመያዝ የረጋ ውሃ ላይ ሲበተን ግን በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። የሚፈለገው ትልቅ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ጫጩቱም፣ ዓሣ የሚመገባቸው የውሃ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ።

ተረት፦ «በክረምት ዓሣው ራሱ ይመጣል፤ ያኔ ማጥመድ ነው።»

እውነታ፦ ብዙ ዓሣ በክረምት ወደ ወንዝ የሚወጣው ለመራባት ነው። በጣና ገባር ወንዞች አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ እንቁላል የተሸከመው ነጭ ዓሣ ሲታፈስ ምርቱ በእጅጉ ወረደ። ዛሬ የተያዘች አንዲት እናት ዓሣ የከርሞውን ምርት ይዛ ትሄዳለች።

ምን እናድርግ? ከሌላ ውሃ የመጣ መረብ፣ ባልዲና ታንኳ መጀመሪያ ይፈተሽ፤ የተጣበቀ ቅጠልና ጭቃ ከውሃ ርቆ ይራገፍ፤ ዕቃው ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ ይግባ። እንግዳ አረም ያየ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ በዚያው ቀን ይንገር። አንድ ቡቃያ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ወንዝ የሞላ እንቦጭ ግን ሀገር ወጥቶም አልጨረሰው።