በዴኩና በላፕቶፑ መሀል

የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አልፎ አልፎም ለቅሶ። ዕቃዬ ብዙ አይደለም፤ መልቲ ሲስተም ዴክ፣ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ አውራ ጣት የምታክል የዩኤስቢ ቪዲዮ መቅረጫ። የደንበኛ ዓይን የሚያርፈው ዴኩ ላይ ነው። ሥራውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው ግን የማይታየው ድራይቨር ነው።

ቪዲዮ የሚቀርጸው ፕሮግራም መቅረጫዋን በቀጥታ አይነካትም። የሚፈልገውን ለድራይቨሩ ይነግራል፤ ድራይቨሩ ዕቃዋ በምትሰማው መንገድ ያዛታል። ሊኑክስ ላይ ለዚህ ንግግር ቪዲዮ ፎር ሊኑክስ የሚባል የጋራ ደንብ አለ፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሁለተኛው እትም የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «ምን ትችያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ምስሉ በየትኛው ገመድ እንደሚገባ፣ ፓል ይሁን ኤንቲኤስሲ፣ ስፋትና ቁመቱም ስንት እንደሆነ ይስማማሉ።

የፓልና የኤንቲኤስሲ ጉዳይ ለእኔ እንጀራ ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የያዘው ፓልን ነበር፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ 525 መስመርና ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ያለውን ኤንቲኤስሲን ትጠቀም ነበር። አንዲት እናት ከዋሽንግተን የተላከ የልጃቸውን ሠርግ ይዘው መጡ። «ሞቷል ብለውኛል፤ አንተ ደግሞ እስቲ እየው» አሉኝ። እውነትም ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ ወደ ላይ ይንከባለል ነበር። ድራይቨሩ ፓል ላይ ተቀምጦ ነበርና ወደ ኤንቲኤስሲ ቀየርኩት። ሙሽራዋ ቀይ ጽጌረዳ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። «እማማ፣ ካሴቱ ደኅና ነው» ስላቸው ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው።

ሌላው የዘወትር ጥያቄ «ኤችዲ አድርግልኝ» ነው። ደንቡ ለዚህ ያለው መልስ በጣም ደስ ይለኛል። ፕሮግራሙ 1920 በ1080 ቢጠይቅ ድራይቨሩ አይጣላውም፤ መቅረጫዋ የምትችለውን፣ ማለትም ለፓል 720 በ576 አስተካክሎ ይመልስለታል። የተሰጠውን ቁጥር አንብቦ በዚያ መሥራት የፕሮግራሙ ፋንታ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ያንኑ ምስል ለጥጦ ፋይሉን «ኤችዲ» ይለዋል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውም ያው ነው።

ቀረጻው ሲጀመር ነገሩ ይፈጥናል። ያልተጨመቀ የፓል ምስል በሰከንድ ከ20 ሜጋባይት በላይ ነው። ድራይቨሩ በጣት የሚቆጠሩ የማስታወሻ ቦታዎች ይይዛል። ጥቂት ስኒ ብቻ ያላት ቡና አፍይ እንደምታደርገው፣ የሞላውን ለፕሮግራሙ ይሰጣል፣ የተጠጣውን ተቀብሎ እንደገና ይሞላል። ላፕቶፑ ሌላ ሥራ ይዞ ባዶ ስኒ ካልመለሰ ዴኩ አይጠብቅም፤ ምስሉ ይፈሳል። ስቀርጽ ሌላ ነገር የማልከፍተው ለዚህ ነው።

የእኔ መቅረጫ ውስጥ ያለው ቺፕ ዩኤስቢቲቪ007 ይባላል። የሊኑክስ ድራይቨሩን የጻፈው ሉቦሚር ሪንቴል ሲሆን ሊኑክስ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የዕቃዋን ጠባይ የደረሰበት ከውጭ አጥንቶ ነው። ይህን ሲያደርግ ዊንዶውስ ተጭኖበት የተጎዳ እውነተኛ ማሽን እንደሌለ ኮዱ አናት ላይ በቀልድ አስፍሯል። እዚያው ጆናታን ኮርቤትን ያመሰግናል። ኮርቤት ኤክስኦ ለተባለችው የሕፃናት ላፕቶፕ የካሜራ ድራይቨር ይጽፍ ነበር። ያቺ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፕ ወደ እኛም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች መጥታለች። ኮርቤት እግረ መንገዱን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቪዲዮ ፎር ሊኑክስን አሠራር በተከታታይ ጽሑፍ አብራራ። ሪንቴል ያንን አንብቦ ድራይቨር ሠራ፤ እኔም በእሱ እበላለሁ።

ኮዱን ከፍቼ እንደተመለከትኩት ዕቃዋ ምስሉን የምትልከው በትንንሽ ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 1024 ባይት ነው፤ አናቱ ላይ መለያ ምልክት፣ የምስሉ ቁጥርና የቁራጩ ተራ አለበት። ጠቃሚው 960 ባይት ብቻ ነው። አንድ ሙሉ የፓል ምስል 864 ቁራጭ ይፈልጋል፤ ግማሹ ጎዶሎ መስመሮችን፣ ግማሹ ሙሉ ቁጥር መስመሮችን ይይዛል። ድራይቨሩ ምልክት የሌለውን ይጥላል፣ የቀረውን በየቦታው ይሰካል። ከዚያ ወረድ ሲሉ ረጅም የቁጥር ዝርዝር አለ፤ አጠገቡ «እነዚህ ዕቃዋን የሚያስነሱ ይመስላል»፣ ዝቅ ብሎም «እነዚህ ቀለሙን የሚነኩ ይመስላል» ይላል። «ይመስላል» ብሎ መጻፉን አከብርለታለሁ፤ ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አላስመሰለም።

መቅረጫ ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ የማሸጊያውን ሥዕል እንዳያምን እነግረዋለሁ። ኢዚካፕ እየተባለ በሚሸጠው አንድ ዓይነት ቅርፊት ውስጥ ቢያንስ አራት ዓይነት ቺፕ ይገባል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ድራይቨር ያስፈልገዋል። ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ፣ ሱቁ ውስጥ መቅረጫውን ሰካው፣ መለያ ቁጥሩን አንብብ። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርብህም ሳታይ አትክፈል።